ላፊት የሚጥለው

ስለ ቦርዶው የወይን ቤት ስለ ሻቶ ላፊት ሮትሽልድ የተጻፈው አብዛኛው ነገር ወይ የአፈር ውዳሴ ነው ወይ የዋጋ ወሬ። የፖያክ ጠጠር፣ በ1855 (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) የተሰጠው የአንደኛ ደረጃ ማዕረግ፣ በ2010 ሆንግ ኮንግ ላይ እያንዳንዱ ከ230 ሺህ ዶላር በላይ የተሸጠው የ1869 ጠርሙስ። እስራኤል ውስጥ ካለችው ከሐዴራ ሆኖ ለሚያየው ግን የዚህ ቤት ጥበብ ያለው ሌላ ቦታ ነው፤ መጣል ላይ።

በእኛ ቋንቋ ጠጅ ይጣላል፤ ላፊት ወይኑን የሚጥለው በቃሉ ሁለት ፍቺ ነው። ተክሉ ከ110 ሄክታር በላይ ይሸፍናል፤ ከዚህም 70 በመቶ ያህሉ ካቤርኔ ሶቪኞን ነው። የየማሳው ፍሬ ለየብቻው ይፈላል፤ ከዚያ ቀማሾቹ ጋን በጋን እየቀመሱ ይለያሉ። ያልበሰለ ታኒን ምላስ የሚያደርቅበት፣ ወይም ሙቀት ጣዕሙን ያደነዘዘበት፣ ከዋናው ወይን ይወጣል። ከተጣለው የተሻለው ካሩዋድ በሚባለው ሁለተኛ ወይን ውስጥ ይገባል፤ ያም ያልሆነለት የቤቱን ስም ሳይዝ ይሸጣል። በብዙ ዓመታት ላፊት ተብሎ የሚታሸገው ከምርቱ ከግማሽ በታች ነው። ለላፊት የተመረጠው ቤቱ ራሱ በሚሠራው የኦክ በርሜል ውስጥ ዓመት ከመንፈቅ ያህል ይተኛል። የላፊት ልስላሴና የእርሳስ እንጨት የሚመስለው ሽታው የአፈሩ ስጦታ ብቻ አይደሉም፤ ግማሹን ምርት «አይሆንም» ማለት የሚችል ሀብታም ቤት ውጤትም ናቸው።

ጄምስ ደ ሮትሽልድ ርስቱን በ1868 ገዝቶ በሦስት ወሩ ሞተ። ከወራሾቹ ልጆች አንዱ ኤድሞን ነው፤ ሪሾን ለጺዮንና ዚክሮን ያዕቆብ ላይ የወይን መጋዘን ያስቆፈረው፣ በ1891 በተመሠረተችው ሐዴራ የነበረውን ረግረግ ለማድረቅም ገንዘብ ያወጣው ባሮን። ወባ የፈጀው መንደር በባሕር ዛፍ ተከበበ። (አዲስ አበባም ባሕር ዛፏን ያገኘችው በዚያው አሥር ዓመት ነው፤ ከጎንደር መጥቶ ሐዴራ የሰፈረ ሰው ሽታውን ለመልመድ ጊዜ አላስፈለገውም።)

ባሮኑ የቦርዶን የወይን ዝርያ አመጣ፤ ባለሙያ አመጣ፤ ሙቀቱን ለመሸሽ ምድር ቤት አስቆፈረ። ያላመጣው መጣልን ነው። የገበሬውን ፍሬ ከገበያ በላይ በሆነ ዋጋ ይገዛ ስለነበር ገበሬው ለብዛት ተከለ። ወይኑ ገዢ አጥቶ ተከማቸ፤ በ1900 አስተዳደሩ ወደ ሌላ ድርጅት ሲዛወር ብዙ ተክል ተነቀለ። ለዚህ ሽንፈት ፀሐይንና የወይን ተባይን ብቻ መውቀስ የተለመደ ነው፤ ሁለቱም ጎድተዋል። እኔ ግን የከፋው የባሮኑ ደግነት ይመስለኛል። አባቱ የገዛው ቤት ለአንድም ጋን ያላደረገውን ይሉኝታ እሱ ለሺህ ጋን አደረገ።

መለየትን እንዲህ ካወደስኩ በኋላ ግን አንድ ነገር ጉሮሮዬን ይይዘኛል። ኮሸር በሚባለው የአይሁድ የምግብ ሕግ በእሳት ያልፈላ ወይን የአይሁዳዊ ያልሆነ እጅ ከነካው አይጠጣም፤ በእሳት የፈላው ግን ማንም ቢነካው ችግር የለበትም። እሳት ጣዕም ስለሚጎዳ ምርጥ ወይን አብዛኛውን ጊዜ በእሳት አይፈላም፤ ስለዚህ ወይኑ በተሻለ ቁጥር ስለ እጁ የሚነሣው ጥያቄ ይጠብቃል። በ2018 በባርካን የወይን ፋብሪካ የቤተ እስራኤል ሠራተኞች አይሁድነታቸው ተጠርጥሮ የኮሸር ማኅተም ሰጪዎችን ለማስደሰት ከወይኑ እንዲርቁ መደረጋቸው ተጋለጠ። ቀማሽ ጋኑን ቀምሶ ይጥላል፤ እዚህ ማንም ምንም አልቀመሰም። ረቢ ኦቫድያ ዮሴፍ በ1973 የእኛን የቤተ እስራኤልን አይሁድነት ካጸኑ 45 ዓመት በኋላ ልጃቸው ዋና ረቢ ይስሐቅ ዮሴፍ ድርጊቱን ዘረኝነት ብለው ማውገዝ ነበረባቸው። ጎንደር ላይ ጎረቤቶቻችን «አትንኩኝ» ይሉን ነበር፤ ሌላ ሰው ከነካን በወንዝ የምንታጠብ እኛ ነበርን።

በዚያው በ1973 የባሮኑ የልጅ ልጅ፣ ስሙም ኤድሞን፣ ሊስትራክ ላይ ሻቶ ክላርክን ገዛ፤ ከ1986 ምርት ጀምሮ ቤተሰቡ ኮሸር ኦ-ሜዶክ ያወጣል። ጠንካራና ንጹሕ ወይን ነው፤ ላፊት ግን አይደለም። ሰንበትን በዳቦና በጠላ ይቀበሉ ለነበሩት አያቶቻችን ቢቀዳላቸው ኖሮ መጀመሪያ የሚጠይቁት ማን እንደነካው ነበር።