ሁለት ሌሊት በወንዝ ዳር፦ ቢልባኦ፣ ጋምቤላ እና የአጭር ጉብኝት ማዕድ

ጋምቤላ አውሮፕላን ማረፊያ የሚወርደው መንገደኛ አብዛኛውን ጊዜ ጎብኚ አይደለም። በስደተኞች መጠለያ የሚሠራ የእርዳታ ድርጅት ሠራተኛ፣ ከአዲስ አበባ የተላከ ባለሙያ፣ አሠልጣኝ፣ ነጋዴ፣ ወይም ዘመዶቹን ሊጠይቅ የመጣ የአገሩ ልጅ ነው። ከዘመድ ጠያቂው በቀር ብዙው አንድ ሁለት ሌሊት አድሮ፣ ሥራውን ጨርሶ ይመለሳል። ይህ የቆይታ ልክ የስፔን ከተሞች በጥበብና በምግብ ስም ከዓለም ዙሪያ እንግዳ የሚሰበስቡበት ልክ ነው። እዚያ ሁለት ሌሊት ለአንድ ሙዚየምና ለጥቂት ማዕድ ይበቃል ተብሎ ይታቀዳል፤ ጋምቤላ ላይ ግን ሁለት ሌሊት በሆቴልና በስብሰባ አዳራሽ መካከል ያልቃል። ስለዚህ ከተማዋ የአጭር ጊዜ እንግዳ አላጣችም። ምግብም ሆነ ጥበብ አላጣችም። ያጣችው ሁለቱን የሚያገናኝ፣ በእንግዳው ጊዜ ልክ የተሰናዳ አቀራረብ ነው። የዚህ ዳሰሳ መከራከሪያ ይኸው ነው።

ስለ ስፔን ጥበብ ሲነሳ ሐሳብ ቀድሞ የሚሄደው ወደ ማድሪድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1819 የተከፈተው ፕራዶ ሙዚየም እዚያ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1937 ፒካሶ የሣለው «ጌርኒካ» ከ1992 ጀምሮ ሬይና ሶፊያ ሙዚየም ተሰቅሏል። (ሥዕሉ የተሰየመላትን፣ ባስኮች የሚኖሩባትን ትንሽ ከተማ በቦምብ ካነደዱት መካከል ጥቂት ቀደም ብሎ በኢትዮጵያ ሰማይ ላይ ያየነው የፋሺስት ኢጣሊያ አየር ኃይል ይገኝበታል፤ ኢትዮጵያዊ ተመልካች ሥዕሉ ፊት ሲቆም ይህን ይዞ ቢቆም ተገቢ ነው።) ነገር ግን ፕራዶ ነገሥታት ለዘመናት ያከማቹት ሀብት ቤት ነው፤ ከጋምቤላ ጋር ማነጻጸር ለሁለቱም ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። የሚነጻጸረው የባስኮቹ ከተማ ቢልባኦ ነው። እሷም እንደ ጋምቤላ የወንዝ ወደብ ነበረች፤ ንግዷ የሞተበትም ዘመን ነበር።

የጋምቤላ ወደብ የተወለደው በውል ነው። ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ዳግማዊ አፄ ምኒልክና እንግሊዞች አዲስ አበባ ላይ በተፈራረሙት የድንበር ስምምነት፣ በባሮ ወንዝ ላይ ከ400 ሄክታር የማይበልጥ፣ ወንዝ ዳሩም ከ2,000 ሜትር የማያልፍ መሬት ለንግድ ጣቢያ ተፈቀደ። ከካርቱም የሚነሱት የእንፋሎት መርከቦች ክረምት ገብቶ ወንዙ ሲሞላ ሸቀጥ ያመጡ ነበር፤ ሲመለሱ የምዕራብ ኢትዮጵያን ቡና ይጭናሉ። የታሪክ ምሁሩ ባህሩ ዘውዴ ከ1904 እስከ 1935 እ.ኤ.አ. የነበረውን የጋምቤላ ንግድ በመረመሩበት ሥራቸው እንደሚታየው፣ ይህች ቆላማ ቦታ በአንድ ወቅት ከአገሪቱ ዋና ዋና የንግድ በሮች አንዷ ነበረች። የግሪክና የሶርያ ነጋዴዎች መጋዘን ከፍተውባታል። ሱዳን ነፃ ከወጣች በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1956፣ ጣቢያው ለኢትዮጵያ ተመለሰ፤ የወንዙ ንግድ ግን ቀስ በቀስ ደረቀ። ዛሬ እንግዳ የሚገባው በአየር ነው፤ የቀድሞው የወደብ ዳርቻ ለእንግዳው ምንም አይነግረውም።

ቢልባኦም በኔርቪዮን ወንዝ ላይ የብረት ማዕድን ወደ እንግሊዝ እየጫነች ነው የከበረችው። በ1970ዎቹና 80ዎቹ እ.ኤ.አ. የብረት ፋብሪካዎቿና የመርከብ መሥሪያዎቿ ተንገዳገዱ፤ በነሐሴ 1983 እ.ኤ.አ. የደረሰው ጎርፍ አሮጌውን ሰፈር አጥለቀለቀ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ዓለም የሚያወራው በአንድ ሕንፃ ስም ነው፦ በፍራንክ ጌሪ የተነደፈውና በጥቅምት 1997 እ.ኤ.አ. የተከፈተው የጉገንሃይም ሙዚየም። በመጀመሪያው ዓመት ብቻ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው ጎበኘው። ይህን ያዩ ብዙ ከተሞች ድንቅ ሕንፃ ከተሠራ እንግዳ ይመጣል ብለው ደመደሙ። በእኔ እይታ ይህ የቢልባኦን ታሪክ ከጭራው መያዝ ነው። ለትውልዶች የተበከለውን ወንዝ የማጽዳት ሥራ ከሙዚየሙ ቀድሞ ነበር የተጀመረው፤ የምድር ውስጥ ባቡሩ በ1995 እ.ኤ.አ. ሥራ ጀምሯል፤ የከተማዋ የሥነ ጥበብ ሙዚየም ደግሞ ከ1914 ጀምሮ በሩ ክፍት ነበር። ከሁሉም በላይ ነዋሪው ምሽት ላይ ከመጠጥ ቤት መጠጥ ቤት እየዞረ፣ ቆሞ ጥቂት ጥቂት እየቀመሰ የሚጫወትበት ልማድ ሳይነካ ቆይቷል። ሕንፃው የመጣው በተሰናዳ ከተማ ላይ ነው። እዚያው ስፔን፣ ጋሊሲያ ውስጥ፣ በሳንቲያጎ ደ ኮምፖስቴላ ኮረብታ ላይ እ.ኤ.አ. በ2001 የተጀመረው ግዙፍ የባህል ከተማ በ2013 ሳያልቅ መቆሙ ይህንኑ ያስረዳል።

ሰላምስ ይባል ይሆናል። ጋምቤላ የግጭት ቁስል ደጋግሞ ያገኛት ከተማ ናት፤ ይህን አቅልሎ ስለ ጉብኝት መጻፍ በነዋሪው ላይ መሳለቅ ይሆናል። ሆኖም ቢልባኦም ሰላም ሞልቶላት አልጀመረችም። ሙዚየሙ ሊመረቅ ቀናት ሲቀሩት ኤታ የተባለው የባስክ ተገንጣይ ድርጅት ታጣቂዎች ሊያደርሱት የነበረውን ጥቃት ያከሸፈ አንድ ፖሊስ በር ላይ ተገድሏል፤ ኤታ ትጥቅ ትግሉን ማብቃቱን ያወጀው ገና በ2011 እ.ኤ.አ. ነው። በመሃል የነበሩት ዓመታት በመጠበቅ ብቻ አላለፉም።

ወደ ማዕድ እንምጣ፤ ሁለቱ ከተሞች በጣም የሚቀራረቡት እዚህ ላይ ነውና። የቢልባኦ ኩራት የሆነው ወጥ የሚሠራው በደረቀና ጨው በበላ ዓሣ ነው። ኮድ የሚባለው የሰሜን አትላንቲክ ዓሣ እንዳይበላሽ በጨው ደርቆ በወደቡ ይገባ ነበር። ባስኮች ውኃ ውስጥ አሳድረው ጨዉን ካስለቀቁት በኋላ፣ በወይራ ዘይት፣ በነጭ ሽንኩርትና በሚጥሚጣ ዘር በርበሬ ዝግ ባለ እሳት ያበስሉታል። ምጣዱ ሲወዛወዝ ከቆዳው የሚወጣው ሙጫ ከዘይቱ ጋር ተዋህዶ ወፈር ያለ ነጭ ስጎ ይሆናል። ፒል-ፒል ይሉታል። የችግር ዘመን ስንቅ በሙያ ብዛት የክብር ምግብ ሆነ።

በባሮና በአኮቦ ዳርቻም ዓሣ ይደርቃል። አኙዋውም ኑዌሩም ወንዙ ሲጎድል የያዘውን ዓሣ ሰንጥቆ፣ ፀሐይ ላይ አድርቆ ለክፉ ቀን ያኖራል። ከማሽላ ወይም ከበቆሎ ዱቄት በእጅ እየተንከባለለ እንደ ፍርፍር ደቃቅ ሆኖ የሚበስለው፣ ከወተት ጋር የሚቀርበው የኑዌሮች ምግብ አለ። ማንጎው በወቅቱ መንገድ ዳር ይከመራል። ለእንግዳው የሚቀርበው የምግብ ዝርዝር ላይ ግን ዓሣው አዲስ አበባ ላይ በሚታወቅበት መልክ፣ ጉላሽና ኮተሌት ሆኖ ነው የሚመጣው። ጉላሽን አልነቅፍም፤ ትኩስ የባሮ ዓሣ በማንኛውም መልክ ይጣፍጣል። የሚያሳዝነው አገሩ ራሱ ያበጀው ሙያ ከሆቴሉ ወጥ ቤት ውጭ መቅረቱ ነው። ባስኮች በትንሽ ዳቦ ላይ አንድ ጉርሻ ዓሣ ወይም ቃሪያ በስንጥር ወግተው የሚያቀርቡት ፒንቾ ሊጠና የሚገባው ለዚህ ነው። ጊዜ የሌለው እንግዳ በአንድ ምሽት ስድስት ሰባት ዓይነት ምግብ ይቀምስበታል። የአኙዋ፣ የኑዌር፣ የመዠንግር፣ የኦፖና የኮሞ ምግብ በአንድ ሰፊ ትሪ ላይ በትንሽ በትንሹ ቢቀርብ፣ በየፊናው ስሙና የሠራችው እናት ሙያ ቢነገር፣ ሁለት ሌሊት በቂ ጊዜ ይሆናል።

ጥበቡ ከምግቡ ይከብዳል። ጄረሚ ኩት እ.ኤ.አ. በ1992 ባሳተመው ጥናት፣ በናይል ሸለቆ ከብት አርቢዎች ዘንድ ውበት በተቀረጸ ዕቃ ከመፈለጉ በፊት በማየት ልማድ ውስጥ መፈለግ እንዳለበት ተከራክሯል፤ የበሬው ቀለም፣ የነጭና የጥቁሩ አጣጣል፣ የቀንዱ አወራረድ ዓይን የሚሠለጥንበት ትምህርት ነው። የሥነ ሰብእ ተመራማሪው ኢቫንስ-ፕሪቻርድም እ.ኤ.አ. በ1940 ስለ ኑዌር ባሳተመው መጽሐፍ ወጣቱ በበሬው ቀለም እንደሚጠራና እንደሚዘፍንለት ጽፏል። የአኙዋ ነገሥታት የሥልጣን ምልክት የሆነው ዶቃ፣ ለጥሎሽ የሚሰጠው ዲሙይ የተባለው ዶቃ፣ በአውራ ጣት የሚመታው የሙዚቃ መሣሪያ ቶም፣ ሁሉም ከሰውነት፣ ከጋብቻና ከሸንጎ ጋር የተሳሰሩ ናቸው። ከዚያ ነቅሎ መስታወት ውስጥ ማስቀመጥ ግማሹን ትርጉም ይገድለዋል። እንዳለ ትቶ እንግዳውን በካሜራ መልቀቅ ደግሞ የባሰ ነው፤ በደቡብ ኦሞ ሰው በፎቶ ልክ የሚከፈለውን ዓይነት ግንኙነት ጋምቤላ እንዳትወርስ እመኛለሁ። በግንባሩ ላይ የአባቶቹን መስመር የተሸከመ ሰው የእንግዳ ትርኢት አይደለም።

መሃል መንገዱን ያሳየው ባስኩ ቀራፂ ኤድዋርዶ ቺዪዳ ይመስለኛል። እ.ኤ.አ. በ1951 ከፓሪስ ወደ አገሩ ተመልሶ ኤርናኒ ከሚገኝ አንጥረኛ ዘንድ ብረት መቀጥቀጥና ማጠፍ ጀመረ፤ የአገሩን የእጅ ሙያ አዲስ ቅርጽ አድርጎ አወጣው። የጋምቤላ ወጣት ሠዓሊም የበሬውን ቀለም አጣጣል ሸራ ላይ ቢያወጣ፣ የአኙዋ ዶቃ ሠሪ የራሷን አዲስ ሥራ በስሟ ብትሸጥ፣ እንግዳው የሚያየው ሰው እንዲታይ ብሎ የሠራውን ነው። የማንም ክብር አይነካም።

ኅዳር 29 ቀን 2008 ዓ.ም. አሥረኛው የብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ቀን ጋምቤላ ላይ ሲከበር አገር ተሰብስቦ ነበር። በዓሉ የሚገባውን ድምቀት አግኝቷል፤ ግን ስታዲየም የሚሞላ ትርኢት በአዘቦት ማክሰኞ ለሚወርድ አንድ መንገደኛ አይደርስም። ለዚህ መንገደኛ የሚያስፈልገው ጥቂት ነው። በአውሮፕላን ማረፊያው ግድግዳ ላይ የክልሉ ሠዓሊዎች ሥራ ከነስማቸው ይሰቀል። በቀድሞው ወደብ ዳርቻ የ1894ቱን ውልና የመርከቦቹን ታሪክ የሚያውቅ፣ አኙዋም ይሁን ኑዌር ወጣት አስጎብኚ ከሰዓት በኋላ ይምራ። ምሽት ላይ ትሪው ይቅረብ፤ ቶም የሚመታው ሰው ደግሞ እንደ ማንኛውም ባለሙያ ዋጋው ታውቆ ይከፈለው። የክልሉ ባህል ቢሮና የሆቴል ባለቤቶች ይህን በአንድ የበጋ ወራት ውስጥ ሊጀምሩት ይችላሉ።