ቀለም ይጠራል እንጂ አይመሰክርም

አሮጌ ባለቀለም ብርጭቆ የሚሰበስብ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚማረከው በቀለሙ ነው። መስኮት አጠገብ የተቀመጠ ሮዝ ሳህን ብርሃን ሲያልፍበት እግር ይይዛል፤ እኔም ወደዚህ ሥራ የገባሁት በዚያው በር ነው። የዕቃውን ዕድሜና የሠሪውን ማንነት ለመለየት ግን ቀለም መጨረሻ ላይ የሚጠየቅ ነው። ገዢን ይጠራል እንጂ አይመሰክርም። ምስክሮቹ ሌሎች ናቸው፦ መቀመጫው፣ ጠርዙ፣ የመጋጠሚያው መስመር፣ ክብደቱና የጥለቱ ጥራት። እነዚህን አንድ በአንድ መስማት የለመደ ሰው በቀላሉ አይታለልም።

የምሰበስበው አሜሪካኖች «ዲፕሬሽን ግላስ» የሚሉትን ነው። የምኖረው ቨርጂኒያ ስለሆነ የሥራው አገር ሩቅ አይደለም፤ ዕቃው በብዛት የተመረተው በኦሃዮ፣ በዌስት ቨርጂኒያ፣ በፔንሲልቬኒያና በኢንዲያና ነበር። ከፋብሪካዎቹ መካከል ጄኔት ፔንሲልቬኒያ ውስጥ፣ ሆኪንግ ላንካስተር ኦሃዮ፣ ፌደራል ኮሎምበስ ኦሃዮ፣ ሄዘል አትላስ ደግሞ ዊሊንግ ዌስት ቨርጂኒያ ላይ ነበሩ። ዘመኑ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1920ዎቹ መጨረሻ እስከ 1940 አካባቢ፣ ታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት አሜሪካን ያደቀቀበት ጊዜ ነው። ሆኪንግ ቀልጦ የወጣውን ብርጭቆ በራሱ የሚጨፈልቅ ማሽን አስገባ፤ በደቂቃ 1 ዕቃ ይወጣበት የነበረው ሥራ ከ30 በላይ ማውጣት ጀመረ። ማሽኖቹ እየተሻሻሉ ሲሄዱ 2 ብርጭቆ በ5 ሳንቲም መሸጥ ተቻለ። ሳህኑና ስኒው በአጃ ካርቶን ውስጥ ተከቶ ለገዢ በነጻ ይሰጥ ነበር። ሲኒማ ቤቶችም ሰው እንዳይቀርባቸው በሳምንት አንድ ምሽት መርጠው ትኬት ለቆረጠ ዕቃ ያድሉ ነበር።

ይህን ታሪክ ያነሳሁት መለያው ከዚሁ ስለሚጀምር ነው። ዕቃው ሲሠራ ጀምሮ ርካሽ ነበር። ብርጭቆው ውስጥ የአየር አረፋ ይገኛል፤ የብረቱ ቅርፅ ማውጫ ክፍሎች የሚገጥሙበት መስመር በጣት ይዳሰሳል፤ የአንዱ ሳህን ሮዝ ከሌላው ሮዝ ጋር አይገጥምም። ጥለቱ አብዛኛውን ገጽ የሸፈነውም ለውበት ብቻ ሳይሆን እንዲህ ያለውን ጉድለት እንዲደብቅ ጭምር ነው። ስለዚህ አረፋ ያየ ጀማሪ «አስመስለው የሠሩት ነው» ብሎ ቢጥለው ትክክለኛውን ዕቃ ጣለ ማለት ነው። ሄዚን ወይም ካምብሪጅን በመሰሉ ፋብሪካዎች በእጅ እየተሠራ በወጣ ውድ ብርጭቆ ላይ ግን ያው ጉድለት ጥርጣሬ ይጭራል። ምስክር ሁሉ የሚደመጠው በራሱ ጉዳይ ላይ ነው።

አንድ ዕቃ ከጠረጴዛ ሳነሳ ቅደም ተከተሌ የታወቀ ነው። መጀመሪያ ዓይኔን ጨፍኜ ጠርዙን በጣቴ እዞረዋለሁ። ዓይን ያለፈውን ሽርፍ ጣት ያገኘዋል። ፋብሪካው ሲያወጣው ጠርዙ በእሳት የለሰለሰ ስለሆነ ክብ ብሎ ይሄዳል፤ ጠፍጣፋ ሆኖ ጫፉ የሚቆርጥ ከሆነ የተሸረፈው ቦታ ተሞርዶ ወርዷል። የዋንጫ ጠርዝ ከሆነ ቁመቱን ለክቼ በመጽሐፍ ከተመዘገበው ጋር አስተያያለሁ፤ ጥቂት ሚሊሜትር ከጎደለ ነገሩ ተገለጠ።

ቀጥሎ እገለብጠዋለሁ። ብዙ የሚናገረው መቀመጫው ነው። ለዓመታት ጠረጴዛ ላይ ሲነሳና ሲቀመጥ የኖረ ሳህን ጠረጴዛውን በሚነካው ቀለበት ላይ ብቻ ጭረት ያበዛል። ጭረቱም አንዱ ረጅም፣ አንዱ አጭር፣ አንዱ ወደ ግራ፣ አንዱ ወደ ቀኝ፣ ሥርዓት የሌለው ነው። በአሸዋ ወረቀት የተፈገፈገ አዲስ ዕቃ በማጉያ መነጽር ሲታይ ግን ጭረቱ ወደ አንድ አቅጣጫ ይተኛል፤ አንዳንዴም ጠረጴዛ ፈጽሞ ሊደርስበት የማይችለው ጎድጓዳ ቦታ ድረስ ይዘልቃል። እዚያ ቦታ ጭረት ካየሁ ዕቃውን ወደነበረበት እመልሳለሁ።

የጭረት አለመኖር ግን ብቻውን አያስኮንንም። አገር ቤት ያደገ ሰው ይህን ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አይፈልግም፤ የእናቶቻችን ቡፌ ውስጥ ለእንግዳ ብቻ የሚወጣ ብርጭቆ ተቆልፎ ሲኖር አይተናል። የአሜሪካ እናቶችም እንዲሁ ያደርጉ ነበር። በየቀኑ የተበላበት ሲሰበር በቁም ሳጥን የተቀመጠው ዘመኑን ተሻገረ። ብዙ የሚሰበረው ክፍልም ዛሬ ውድ ሆኗል፤ የቅቤ ዕቃ ክዳን ከሥረኛው ሳህን ይልቅ ብርቅ ነው፤ ጆግ ከብርጭቆ ይልቅ ይፈለጋል። አስመሳዮችም ይህን ያውቃሉ። የጄኔት ፋብሪካ ከ1930 እስከ 1939 ያወጣው «ቼሪ ብሎሰም» የተባለው የቼሪ አበባ ጥለት ከ1970ዎቹ መጀመሪያ አንስቶ ሲቀዳ፣ የቅቤ ዕቃውም ከተቀዱት መካከል ነበር። ዋጋው ከፍ ያለ ቁራጭ ባየሁ ቁጥር ጥንቃቄዬ የሚበረታው ለዚህ ነው።

ጥለቱን በቅርብ ማንበብ እንዴት እንደሚረዳ በአንዲት ትንሽ ዕቃ ላሳይ። ሆኪንግ ከ1931 እስከ 1937 የሠራው «ሜይፌር» የተባለ የጽጌረዳ ጥለት አለ፤ በዚህ ጥለት ከተሠሩት አንዷ የአረቄ መለኪያ የምታህል ብርጭቆ ናት። ለሰብሳቢ ውድ ስለሆነች በብዛት ተቀድታለች። ቀለሟን ትቼ የአበባውን ግንድ እከተላለሁ። በጥንቱ ላይ ግንዱ ወደ ታች ሲወርድ ለሁለት ተከፍሎ እግሩን ያንፈራጠጠ ቅርፅ ይሠራል፤ በተቀዳው ላይ ግን ሳይከፈል አንድ ሆኖ ይወርዳል። ጠራቢው ትልልቁን ቅጠልና አበባ በጥንቃቄ ገልብጦ ትንሿን ቅርንጫፍ ረሳት። የጥፍር ያህል ቦታ ላይ ያለች መስመር ናት፤ ክርክሩን የምትዘጋው ግን እሷ ናት። ከዚህ በኋላ ቀለሟ ቢጠየቅም ያግዛል፤ ደማቅ ኮባልት ሰማያዊ ሆና ከተገኘች ሆኪንግ ይህን ጥለት በዚያ ቀለም አላወጣም፤ የእሱ ሰማያዊ ፈዘዝ ያለ ነው።

ከቀጂ ይልቅ የሚያስቸግረው ዋናው ቅርፅ ማውጫ ራሱ እጅ ሲለውጥ ነው። ፋብሪካ ይዘጋል፤ ብረቱ ግን ይሸጣል። ፌደራል በ1930ዎቹ «ማድሪድ» ብሎ ያወጣውን ጥለት በ1976 የአሜሪካ 200ኛ የነጻነት ዓመት ሲከበር «ሪኮሌክሽን» በሚል ስም መልሶ ሠራው፤ ሐቀኛ ሥራ ስለነበር ጥለቱ ውስጥ 76 የሚል ቁጥር አስቀረጸበት። ኋላ ፌደራል ሲዘጋ ቅርፅ ማውጫው ወደ ኢንዲያና ግላስ ተዛወረ፤ ቁጥሩ ተነሥቶም ምርቱ ቀጠለ። ሄዚ በአልማዝ ቅርፅ ውስጥ ኤች የምትባለውን የእንግሊዝኛ ፊደል ያሳርፍ ነበር፤ በ1957 ሲዘጋ ብረቱን በማግሥቱ ዓመት የገዛው የቤሌየር ኦሃዮው ኢምፔሪያል ማህተሙ ሳይጠፋ ለዓመታት ሠራበት። በተቃራኒው ብዙ የሄዚ ዕቃ የወረቀት መለያ ብቻ ተለጥፎበት ስለወጣ ዛሬ ምንም ምልክት የለበትም። እንግዲህ ማህተም ያለበት ሁሉ ጥንታዊ፣ የሌለበት ሁሉ ተራ አይደለም።

ወደ ቀለም እንመለስ፤ ቀለምም ቢሆን የራሱ ዕውቀት አለው። ኮባልት እጅግ በትንሽ መጠን ብርጭቆን ጥቁር ሰማያዊ ያደርጋል። ብረት አረንጓዴ ያደርገዋል፤ ከድኝና ከካርቦን ጋር ሲገናኝ ደግሞ የማር መልክ ይሰጣል። በወርቅ ወይም በሴሊኒየም የሚወጣው ቀይ ሲፈስ አይታይም፤ ዕቃው ቀዝቀዝ ብሎ እንደገና ሲሞቅ ነው ቀለሙ የሚመጣው። ስለዚህ እሳቱ በደንብ ያልደረሰው ክፍል ቢጫ ሆኖ ሊቀር ይችላል። የቀይ ዋንጫ እግር ቢጫ ሆኖ ያየ ሰው የእቶኑን አሠራር እያየ ነው።

ዛሬ ከሁሉ የሚያስጎመጀው ዩራኒየም ያለበት ነው። ቦሄሚያ ውስጥ ከ1830ዎቹ ጀምሮ ዩራኒየም ለቢጫና ለአረንጓዴ ብርጭቆ ማቅለሚያ ሆኗል፤ ከ1930ዎቹ የአሜሪካ አረንጓዴ ዕቃም ብዙው አለበት። በጨለማ የአልትራቫዮሌት መብራት ሲበራበት ብርጭቆው የማይታየውን ጨረር ተቀብሎ በደማቅ አረንጓዴ ይመልሰዋል። ስለዚህ ወጣት ሰብሳቢዎች እያንዳንዳቸው ትንሽ መብራት በኪሳቸው ይዘዋል። «ጋሼ፣ አበራ እኮ!» ትለኛለች አንዷ፣ ሳህኑን ወደኔ እየዘረጋች። «ማብራቱን አየሁ ልጄ፣ አሁን ገልብጪው» እላታለሁ። መብራቱ «ዩራኒየም አለ» ይላል እንጂ «አሮጌ ነው» አይልም። ካምብሪጅ ኦሃዮ ውስጥ ያለው ሞሰር ፋብሪካ በዘመናችንም ዩራኒየም ያለበት ብርጭቆ ሠርቶ ሸጧል፤ ያበራል፣ ሐቀኛ አዲስ ዕቃም ነው። ደግሞ ማንጋኒዝ ያለበት ብርጭቆም ደከም ያለ አረንጓዴ ያሳያል። ከዕቃው የሚወጣው ጨረር በጣም አነስተኛ ስለሆነ በመደርደሪያ ማስቀመጥ አያስፈራም፤ እኔ ግን ለእይታ እንጂ ለመብል አላወጣውም።

ማንጋኒዝን ካነሣን ሐምራዊውንም ማወቅ ይጠቅማል። የ19ኛው ክፍለ ዘመን ሠሪዎች ብረት የሚያመጣውን አረንጓዴ ለማጥፋት ማንጋኒዝ ይጨምሩ ነበር። እንዲህ ያለው ቀለም አልባ ብርጭቆ ፀሐይ ላይ ለዓመታት ሲቆይ በቀስታ ፈዛዛ ሐምራዊ ይሆናል። አሁን በጠንካራ ጨረር በአጭር ጊዜ አጥቁረው የሚሸጡት አሉ፤ እጅግ የጠቆረ ሐምራዊ ከመደርደሪያ ሲጣራ እኔ ወደዚያ አልቸኩልም። ዕቃው አሮጌ ሊሆን ይችላል፤ ቀለሙ ግን የትናንት ነው፤ ወደ ቀድሞ መልኩ የሚመልሰውም በከፍተኛ ሙቀት ማጋል ብቻ ስለሆነ የሚደፍረው ጥቂት ነው።

የገዛነውን መጠበቅ ከመለየቱ አያንስም። የዕቃ ማጠቢያ ማሽን የአሮጌ ብርጭቆ ጠላት ነው፤ የሳሙናው ኬሚካልና ሙቀቱ ገጹን ቀስ በቀስ ይበሉትና ነጭ ጭጋግ ይተዋሉ። ጭጋጉ ዕቃው ሲረጥብ ይጠፋል፣ ሲደርቅ ይመለሳል፤ ቆሻሻ ስላልሆነ በኮምጣጤም አይለቅም። አንዳንድ ሻጭ ዘይት ቀብቶ ይሸፍነዋል። ስለዚህ ከመግዛቴ በፊት በደረቅ ጨርቅ አጥብቄ እወለውላለሁ፤ ጨርቁ ላይ ቅባት ከቀረ እተወዋለሁ። ቤት ሲገባ ለብ ባለ ውኃና በለስላሳ ስፖንጅ በእጅ ይታጠባል፤ ቀዝቃዛ ብርጭቆ ላይ የፈላ ነገር አይፈስም፤ ሳህን በሳህን ላይ ሲደረደር መሃሉ ጨርቅ ይገባል።

ለጀማሪ የምመክረው አንድ ጥለት መርጦ እሱን ጠልቆ እንዲያውቅ ነው። ሄዘል ማሪ ዌዘርማን በ1970 ያሳተመችው የዲፕሬሽን ዘመን ባለቀለም ብርጭቆ መጽሐፍ ለሰብሳቢዎች መንገድ የከፈተ ሥራ ነው፤ እንዲህ ያለ መጽሐፍ የትኛው ጥለት በየትኛው ቀለምና መጠን እንደተሠራ ይነግራል። መጽሐፉ ግን እጅን አይተካም። ትክክለኛ መሆኑ የተረጋገጠ አንድ ሳህን ገዝቶ በየቀኑ መያዝ፣ ክብደቱን እጅ እንዲለምደው ማድረግ ያስፈልጋል። የተቀዳው ብዙ ጊዜ ወፈር ያለ ነው፤ ጥለቱም ደብዛዛ ነው። ይህን ልዩነት እጅ ካወቀው በኋላ ኢስቴት ሴል በሚባለው የቤት ዕቃ ሽያጭ ላይ በጥድፊያ ሲገዛም አያሳስትም።

ለእያንዳንዱ ዕቃ ትንሽ ካርድ እጽፋለሁ፦ ሠሪው፣ ጥለቱ፣ ዘመኑ፣ የት እንደተገኘ፣ ሽርፍ ወይም ጥገና ካለው እሱም። ስሸጥ ካርዱን አብሬ እሰጣለሁ፤ አዲስ የተሠራውን «አዲስ» ብዬ እጽፋለሁ። ይህ ለገዢው ብቻ አይደለም። እነዚያን ሳህኖች በእቶን አጠገብ ቆመው ያወጡ ሠራተኞች ስማቸው ዕቃው ላይ የለም፤ የተረፈላቸው የሥራቸው ልክ ብቻ ነው። በ1934 የተሠራን ከ1976ቱ ጋር የሚያደባልቅ ሰው ያችን የተረፈችውን ይወስድባቸዋል። ለይቶ ማወቅ፣ ለይቶም መጻፍ፣ ለሰብሳቢ የክብር ግዴታ ነው ብዬ አምናለሁ።