የቃላት ዝርዝርና የተማሪው ቋንቋ

ማይክል ዌስት እ.ኤ.አ. በ1953 ዓ.ም. ያሳተመው የእንግሊዝኛ ቃላት ዝርዝር 2,000 ያህል ዋና ቃላትን ይዟል። ትልቁ ጥቅሙ የብዙዎቹ ቃላት እያንዳንዱ ትርጉም ከመቶ ስንት ጊዜ እንደሚያጋጥም ማመልከቱ ነው። ነገር ግን መጽሐፉ የተማሪውን የአፍ መፍቻ ቋንቋ አይመለከትም። በአማርኛ በርም ሬዲዮም ይከፈታል፤ በእንግሊዝኛ «ኦፕን» ለበሩ ሲሆን ለሬዲዮው «ተርን ኦን» ነው። «ኦፕን ማለት ከፈተ» ብሎ ብቻ ያጠና ተማሪ በፊዚክስ ትምህርት «ኦፕን ሰርኪት» ሲባል ኤሌክትሪክ የሚያልፍበት መስመር ይመስለዋል፤ እውነቱ ግን ተቃራኒው ነው። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በእንግሊዝኛ በሚሰጥበት አገራችን ይህ ቀላል ስሕተት አይደለም። ስለዚህ መምህሩ ቃላቱን ከዝርዝሩ ይምረጥ፤ ሲያስተምር ግን አማርኛው ከእንግሊዝኛው የሚለይበትን ቦታ አስቀድሞ ያሳይ።