ገላ ማጠብና ገመና፦ የአንድ መጽሐፍ ግምገማ

አውስትራሊያዊቷ የነርስነት ምሁር ጆካሊን ላውለር እ.ኤ.አ. በ1991 ያሳተሙት «ከመጋረጃዎቹ በስተጀርባ» የተሰኘው መጽሐፍ የሚያነሣው ጉዳይ በሕክምና መጻሕፍት ዘንድ እምብዛም ቦታ አያገኝም። ይኸውም አንዲት ባለሙያ የማታውቀውን ዐዋቂ ሰው ልብሱን አውልቃ ስታጥብ፣ ፖፖ ስታቀርብለትና ከዓይነ ምድር ስታጸዳው በሁለቱ መካከል ምን ይሆናል የሚለው ነው። የተለመዱት መማሪያ መጻሕፍት የውሃውን ሙቀትና የአጠባውን ቅደም ተከተል ይዘረዝራሉ። ላውለር ግን የሥራው ክብደት ከኀፍረቱ እንደሚመጣ በነርሶች አንደበት ያስረዳሉ።

የመጽሐፉ ምርጥ ክፍል ነርሶች ኀፍረትን የሚያቀሉባቸውን ዘዴዎች የሚገልጸው ነው። ሕመምተኛው አልጋው ላይ ሲያመልጠው ነርሷ ነገሩን ሆን ብላ አሳንሳ ታወራለች፤ ለእርሱ ውርደት የሆነውን እንደ ተራ ነገር ታሳልፈዋለች። ለአማርኛ ተናጋሪ ይህ እንግዳ አይደለም። «ኀፍረተ ሥጋ»ና «ዓይነ ምድር» ራሳቸው መጋረጃ የሆኑ ቃላት ናቸው፤ «አይዞዎት አባባ፣ አንሶላውን ልቀይረው ብቻ» ማለትም በየክፍሉ ይሰማል። ሆኖም እዚህ ላይ መጽሐፉ ያላየው ችግር አለ። «አባባ» የሚለው ጥሪ እንግዳዋን ልጅ ያደርጋታል፤ ልጅ የአባቷን ገመና ማየቷ ደግሞ ነውር ነው። የሚያቀራርበው ቃል ኀፍረቱን ሊያባብሰው ይችላል። አንድ አዛውንት ወጣቷን ረዳት «ተዪው ልጄ» ብለው በረጠበ አንሶላ ላይ ማደርን ሲመርጡ ግትር ናቸው ማለት ስሕተት ነው።

ደራሲዋ እንክብካቤው ያለ ግጭት የሚከናወነው አራት ያልተጻፉ ደንቦች ሲከበሩ ነው ይላሉ፤ ሕመምተኛው ይታዘዛል፣ ጥገኛ የሚሆነው በሕመሙ ልክ ነው፣ ጨዋነቱን ይጠብቃል፣ ነርሷም ገመናውን ትሸፍናለች። ትንታኔው ብርቱ ቢሆንም ደንቡን የሚያውቅ ሕመምተኛ ይሻል። የመርሳት ሕመም ያለባቸው አሮጊት ልብሳቸውን የምታወልቀውን ረዳት እንደ አጥቂ ቆጥረው ቢመቷት የትኛው ደንብ ፈረሰ ሊባል ነው? በአሜሪካ የአረጋውያን መንከባከቢያ ቤቶች ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ ጥናት የተሻለ መልስ ይሰጣል። የነርስ ረዳቶች አጠባውን ከታጣቢው ፍላጎት ጋር እንዲያስማሙ፣ ወይም ሰውነቱን በሞቀ ፎጣ ሸፍነው አልጋው ላይ እንዲያጥቡ ሲሠለጥኑ፣ በአጠባ ጊዜ የሚታየው የጠበኝነት ድርጊት ከግማሽ በላይ ቀንሷል።

የመጽሐፉ ዋና ቁም ነገር ገመናን የሚሸፍነው መጋረጃ ሠራተኛዋንም እንደሚሸፍን ማሳየቱ ነው። ያልታየ ሥራ ሙያ አይባልም፤ ሙያ ያልተባለውም ወደ ታች ይወርዳል። ላውለር የጻፉት ስለ ነርሶች ነው። ዛሬ በአሜሪካ መንከባከቢያ ቤቶች ሥራውን በአብዛኛው የያዙት ረዳቶች ሲሆኑ፣ በዋሽንግተን አካባቢ ብዙ ኢትዮጵያውያን ሴቶች ይገኙባቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1987 የወጣው የፌዴራል ሕግ ከእነርሱ የሚጠይቀው ዝቅተኛ ሥልጠና 75 ሰዓት ነው። በነርሷ የደንብ ልብስና ሥልጣን ላይ የቆሙት ደንቦች ለእነዚህ ሴቶች ምን ያህል እንደሚያገለግሉ መጽሐፉ አይመልስም።

ስለ ቤተ ሰብ ያለው ዝምታ ደግሞ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ጎልቶ ይታያል። በሀገራችን ሆስፒታሎች ነርሷ መድኃኒት ትሰጣለች፣ ቁስል ታክማለች፤ የምታጥበውና የምታገላብጠው ግን ብዙ ጊዜ አስታማሚዋ ናት። ለገመና ይህ ይሻል ይሆናል። ነገር ግን የአልጋ ቁስል መነሻ የሆነው መቅላት በጥቁር ቆዳ ላይ በቀላሉ ስለማይለይ፣ ታፋውንና ጀርባውን ዳስሶ ሙቀቱንና ጥንካሬውን ማመዛዘን ይጠይቃል፤ ይህንንም ለአስታማሚዋ የሚያሳያት ባለሙያ ከመጋረጃው ውስጥ አይገኝም። አስታማሚ የሌለው ሕመምተኛማ የሚታጠበው የጎረቤት አልጋ አስታማሚ ስታዝንለት ነው።