ወረንጦ፣ ቀዶ ሕክምናና ሌዘር፦ የዓይን ፀጉር ሥቃይ በምን ይለካ?

ፀጉርን በሌዘር ማስወገድ በከተሞች የውበት ጉዳይ ተደርጎ ይታያል። በዳባት፣ በደባርቅና በስሜን ተራሮች ግርጌ ባሉ ቀበሌዎች ግን ፀጉር የሚነቀለው ሥቃይን ለማስታገስ ነው። ትራኮማ ጠባሳ ጥሎ ወደ ውስጥ ያጠፈው የዓይን ቆብ ሽፋሽፍቱን ወደ ዓይን ይመልሰዋል፤ ዓይን በተርገበገበ ቁጥርም ፀጉሩ የዓይንን መስታወት ይፍቃል። እ.ኤ.አ. በ2005-2006 የተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት፣ ዕድሜያቸው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆናቸው የአማራ ክልል ነዋሪዎች መካከል 5.2 በመቶ ያህሉ ይህ ችግር እንዳለባቸው አሳይቷል። ከእነዚህም የሚበዙት ሴቶች ናቸው። ጭስ በሚሞላው ማድቤትና በደጋው ብርቱ ፀሐይ ዓመታት የሚዘልቀው ይህ ሕመም፣ የማየት ችሎታ ገና ሳይቀንስ ሰውን ከሥራ ያውላል።

የጤና ባለሙያዎች በወረንጦ መንቀልን እንደ ጎጂ ልማድ ቆጥረው ታካሚውን መገሠጻቸው የተለመደ ነው። ይህ አመለካከት በማስረጃ ሊፈተሽ ይገባዋል። ሳውል ራጃክና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2011 ያሳተሙት ጥናት በዚሁ በአማራ ክልል የተካሄደ ሲሆን፣ ከስድስት ያነሱ ፀጉሮች ዓይናቸውን የሚነኳቸው 1,300 ሰዎችን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ ለ24 ወራት ተከታትሏል። ሕክምናው «አልተሳካም» የተባለው አምስት ወይም ከዚያ በላይ ፀጉሮች ዓይንን ሲነኩ ወይም በክትትሉ ወቅት ቀዶ ሕክምና ሲያስፈልግ ነው። በዚህ መለኪያ ከነቃዮቹ 13.2 በመቶ፣ ቀዶ ሕክምና ከተደረገላቸው ደግሞ 2.2 በመቶ አልተሳካላቸውም። ይሁን እንጂ በማየት ችሎታም ሆነ በዓይን መስታወት ጠባሳ ለውጥ ረገድ በሁለቱ ወገኖች መካከል ጉልህ ልዩነት አልታየም።

ጥናቱ በአሠራሩ የሚመሰገን ቢሆንም፣ ውጤቱ ወደ ስሜን ግርጌ ሲወሰድ ሁለት ጥያቄዎች ይነሣሉ። አንደኛ፣ የጥናቱ ተሳታፊዎች ጥራት ያለው ወረንጦና ሥልጠና ተሰጥቷቸዋል፤ በየጊዜውም ተመርምረዋል። ጫፉ በማይገጥም ወረንጦ የሚነቅል ሰው ግን ፀጉሩን ከሥሩ ከማውጣት ይልቅ ይሰብረዋል፤ ቀሪው ጉቶም ይወጋል። ከሊማሊሞ ቁልቁል ካሉ መንደሮች ለምርመራ ወደ ደባርቅ መውጣትም ቀላል አይደለም። ሁለተኛ፣ ዋናው መለኪያ የፀጉር ብዛት ነው። ሆኖም በመስታወቱ መካከል የሚያርፍ አንድ ፀጉር፣ በዓይን ጥግ ካሉ ሦስት ፀጉሮች ይልቅ ሊያሠቃይ ይችላል። ቁጥሩ ይህን አይናገርም።

ቀዶ ሕክምናም የመጨረሻ ፈውስ ተደርጎ መቅረብ የለበትም። እስማኤል ሀብታሙና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2016 ባሳተሙት፣ 1,000 ሰዎችን ባሳተፈና ሁለት የቀዶ ሕክምና ዘዴዎችን ባነጻጸረ ጥናት፣ በአንድ ዓመት ውስጥ ፀጉሩ የተመለሰባቸው በአንደኛው ዘዴ 13 በመቶ፣ በሌላው 22 በመቶ ነበሩ። በዚያው ዓመት የወጣው ሌላው ሥራቸው ግን ለያዝነው ጉዳይ የበለጠ ይጠቅማል። ከቀዶ ሕክምና በኋላ የታካሚዎቹ የኑሮ ጥራት የተሻሻለው የማየት ችሎታቸው ቢጨምርም ባይጨምርም ነው። ስለዚህ ከሥቃይ መገላገል ብቻውን ሕክምና የሚያሰጥ ምክንያት ነው።

ሌዘርስ? አርጎን ሌዘር ጥቂት ፀጉሮችን ከነሥራቸው ለማቃጠል በዓይን ሐኪሞች ዘንድ ያገለግላል። ነገር ግን ልዩ መሣሪያ፣ ማደንዘዣና አብዛኛውን ጊዜ ተደጋጋሚ ቀጠሮ ይጠይቃል፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ የታጠፈውን የዓይን ቆብ አያቃናም። ፀጉር የማስወገጃው የውበት ሌዘር ጨርሶ ለዚህ አይሆንም። ብርሃኑ የሚሠራው በጥቁር ቀለም በመዋጡ ስለሆነ፣ በዓይን አጠገብ ሲተኮስ ባለቀለሙን የዓይን ክፍል ሊጎዳ ይችላል፤ በጠቆረ ቆዳም ላይ የመቃጠል አደጋው ከፍ ያለ ነው። አዲስ መሣሪያ ሁሉ የተሻለ ሕክምና አይደለም።

ከዚህ ሁሉ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። ቀዶ ሕክምና ቀዳሚ ምርጫ ሆኖ መቅረቡ ተገቢ ነው፤ በተለይም ፀጉሩ የዓይንን መስታወት ሲነካ ሊዘገይ አይገባም። ጥቂት ፀጉር ኖሮት ቀዶ ሕክምናን ያልተቀበለ ሰው ግን ተግሣጽ ሳይሆን ደህና ወረንጦ፣ በቅርብ አጥርቶ የሚያይ ነቃይ፣ ሥልጠናና ቀጠሮ ሊሰጠው ይገባል። የወረዳ ሪፖርት የታከሙትን የዓይን ቆቦች ይቆጥራል፤ «እንቅልፍ ይወስድሻል ወይ? እሳት ዳር መቀመጥ ትችያለሽ ወይ?» የሚሉ ጥያቄዎች ግን ቦታ አያገኙም። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1996 ያቋቋመውን የዳባት የጤናና ሥነ ሕዝብ ክትትል የመሰለ፣ አባወራዎችን ለዓመታት የሚከታተል ሥራ እንዲህ ያሉትን ጥያቄዎች ለማካተት የተመቸ ነው። ሥቃዩ ካልተጠየቀና ካልተመዘገበ፣ ሕክምናው መሳካቱን በፀጉር ቆጠራ ብቻ ማረጋገጥ አይቻልም።