የመደብ ፍርድ በቃላት ፍች ውስጥ

የአንድ ኅብረተሰብ ገዥ መደብ ሀብትንና ሥልጣንን ብቻ ሳይሆን የመልካምና የክፉ መለኪያንም እንደሚይዝ ማርክስና ኤንግልስ በ1845 እና በ1846 እ.ኤ.አ. በጻፉት «የጀርመን ርዕዮተ ዓለም» አመልክተዋል። ጉዳዩ ለመዝገበ ቃላት አዘጋጅ የዕለት ሥራው ነው፤ መለኪያው ከሚኖርባቸው ስፍራዎች አንዱ የቃላት ፍች ነውና።

ለዚህ አስረጂ እንዲሆነን በቅድሚያ «ጨዋ»ን እንውሰድ። ቃሉ ከግዕዙ «ጼዋ» ጋር የተዛመደ ነው፤ ይኸውም ምርኮ ማለት ነው። በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመነ መንግሥት (1434–1468 እ.ኤ.አ.) በየአውራጃው የሚሰፍሩ የንጉሥ ጭፍሮች በዚህ ስም ይጠሩ ነበር። ኋላ ቃሉ በትውልዱ ነፃ የሆነ ሰው መጠሪያ፣ ከዚያም የመልካም ጠባይ መግለጫ ሆነ። የማዕረግ ስም ወደ ምግባር ስም ተሸጋገረ ማለት ነው። «ሥነ ሥርዓት ያለው» ብሎ ብቻ የሚፈታው አዘጋጅ መድረሻውን ይዞ መንገዱን ይሰርዛል።

«ባላባት» ቃል በቃል «አባት ያለው» ነው። ያለ አባት የተወለደ ሰው ስለሌለ ቃሉ የሚናገረው ትውልዱ ስለሚቈጠርለት አባት ብቻ ነው። «ባላገር» ደግሞ «አገር ያለው» ማለት ሆኖ ሳለ በከተሜ አፍ ያልሠለጠነ ሰው መስደቢያ ሆኗል። ሁለቱም በ«ባለ» የተመሠረቱ ናቸው፤ አንዱን አክብሮ ሌላውን ያዋረደው ሰዋስው አይደለም።

ከሁሉ የከበደው «ጠይብ» ነው። ምንጩ «ጠቢብ» ሆኖ ሳለ፣ ለገበሬው ማረሻ ለወታደሩ ጦር የሚሠራው ባለሙያ በቡዳነት ሲታማበት ኖሯል። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብን በዐዋጅ ቢከለክሉም ስድቡ ከቋንቋው አልወጣም።

ይሁን እንጂ ገዥው ያወጣውን ቃል ሕዝቡ ሁልጊዜ እንዳለ አይቀበለውም። ከ1966ቱ አብዮት በኋላ የተስፋፋው «ጓድ» የተባለው መጠሪያ በ1983 ዓ.ም. ከሥርዓቱ ጋር ከአደባባይ ተሰናበተ። «ጨዋ» ግን ሥርዓቱ ካለፈ በኋላም ኖረ። ምክንያቱም ገበሬውም ሸማኔውም ልጁን «ጨዋ ሁን» ሲል ሐቀኝነትንና ሰው አክባሪነትን እንጂ ዘርን አያስብም፤ የጌቶችን ቃል ወስዶ የራሱን ምግባር ሞልቶበታል። የገዥ መደብ እሴት የጋራ እሴት የሚሆነው በግዳጅ ብቻ ሳይሆን በእንዲህ ያለው መተርጐምም ጭምር ነው።

ስለዚህ መፍትሔው ቃላቱን ከመዝገብ መፋቅ አይደለም፤ የተፋቀ ስድብ በአፍ ይኖራልና። የሚያስፈልገው ፍችዎችን በታሪክ ቅደም ተከተል መደርደር፣ የንቀት አጠቃቀምን በምልክት መለየት፣ እምነትንም እንደ እምነት መመዝገብ ነው። «ጠይብ፦ ብረት ሠሪ፤ ቡዳ» በሚል አፈታትና «ጠይብ፦ ብረት ሠሪ፤ በቀድሞ ልማድ ቡዳ ነው እየተባለ ይታማ የነበረ» በሚለው መካከል ያለው ልዩነት ጥቂት ቃላት ናቸው። በመጀመሪያው መዝገበ ቃላቱ ራሱ ሐሜተኛ ይሆናል፤ በሁለተኛው ምስክር ነው። የብረት ሠሪ ልጅ መጽሐፉን ገልጦ የአባቱን ሙያ ሲፈልግ ከሁለቱ የትኛውን እንደሚያገኝ የሚወስነው አዘጋጁ ነው።