የቺዝዊክ ቪላና ባለቤቷ

ሎርድ ቼስተርፊልድ ለልጁ በጻፈው ደብዳቤ፣ ስለ ሕንፃ ጥበብ ጠቅላላ ዕውቀት ቢኖርህ መልካም ነው፤ ዝርዝሩን ግን ለግንበኞችና ለሎርድ በርሊንግተን ተውላቸው የሚል ምክር ሰጥቶት ነበር። ባላባት የግንበኛን ሥራ ያን ያህል ማወቁ ክብሩን ዝቅ ያደርገዋል ባይ ነው። ባለ እጅን መናቅ ለኖረብን ለእኛ አነጋገሩ እንግዳ አይደለም። እኔ ግን የበርሊንግተን ክብር እዚያው ዝርዝሩ ውስጥ ያለ ይመስለኛል።

ሪቻርድ ቦይል በ1694 እ.ኤ.አ. ተወልዶ ገና በልጅነቱ ሦስተኛው የበርሊንግተን ኧርል ሆነ። በ1719 ዳግም ወደ ኢጣሊያ ሲጓዝ የኢጣሊያዊውን የሕንፃ ጠበብት የፓላዲዮን መጽሐፍ ይዞ ሄደ፤ የፓላዲዮን ሕንፃዎች ከመጽሐፉ ጋር እያስተያየ በኅዳጉ ላይ ማስታወሻ ጻፈ።

የትምህርቱ ፍሬ በ1720ዎቹ መጨረሻ ለንደን አጠገብ ቺዝዊክ ላይ የሠራት ቪላ ናት። ጎብኚ ሁሉ ከፊት ለፊት ያሉትን ስድስት ዓምዶች ያደንቃል። በአትክልቱ በኩል ዞር ማለት ግን ይበልጣል። እዚያ ሦስት ትልልቅ መስኮቶች ጎን ለጎን አሉ፤ እያንዳንዱን ዓምዶች ለሦስት ይከፍሉታል፣ መካከሉ ከላይ ቅስት ነው፣ ግራና ቀኙ ቀጥ ያለ። በርሊንግተን በዚህ አልበቃውም። መስኮቱን እንዳለ ሰፋ ባለ ሌላ ቅስት ውስጥ ጥቂት ወደ ኋላ አስገባው። ግድግዳው ከሞላ ጎደል ጌጥ የለውም፤ ያቺ ትንሽ ጥልቀት የምትፈጥረው ጥላ ግን ጌጡ ሆነች። ጭስ ማውጫዎቹ እንኳ ሐውልት መስለው ነው የቆሙት።

የውስጡን ጌጥ በብዛት የሠራው ሠዓሊው ዊልያም ኬንት ነው። የክፍሎቹ ቅርጽ ግን የጌታው አሳብ ነው፦ ከስምንት ማዕዘኑ ክፍል ተነሥቶ ጫፍና ጫፉ በግማሽ ክብ ወደ ጎደጎደው ረጅም ክፍል፣ ከዚያ ወደ ክቡ። በሮቹ በአንድ መስመር ስለሆኑ ዓይን ሦስቱንም አንድ ላይ ያያል፤ ትንሿ ቤት ሰፋ የምትለው በዚህ ነው።

መኖሪያ አትሆንም ብለው የተሳለቁባትም ነበሩ። የቤተሰቡ አሮጌ ቤት አጠገቧ ስለነበር ግን ያ ሥራዋ አልነበረም።

በርሊንግተን በዮርክ ከተማ በነደፈው የመሰብሰቢያ አዳራሽ ላይ የደረሰበት ወቀሳ ከዚህ ይከብዳል። የፓላዲዮን ንድፍ አጥብቆ ሲከተል ዓምዶቹን ስላጠጋጋቸው ሰፊ ቀሚስ የለበሱ ወይዛዝርት ማለፊያ አጡ ተባለ። ወቀሳው ተገቢ ነው። ቺዝዊክን የማስበልጠውም ለዚህ ነው፤ እዚያ የመጽሐፉን ልክ ለሰው ቁመትና ዓይን አመዛዝኖታል።